ማሸጊያው ሳይነካ የሞተው ባትሪ

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ብፈልግ ኖሮ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እጀምር ነበር። የሆነውን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ነው፤ ሥራዬም ይኸው ነበርና።

ዘሃራ እባላለሁ። ወልድያ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በስሜ ከተመዘገበው ዕቃ አንድ ብሎን ጎድሎ አያውቅም። ጎደለ የተባለው አንድ ባትሪ ነው፤ እሱም አልጎደለም።

ለጭነት መኪና የመጣ አዲስ ባትሪ ተረክቤ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በሩን ቆልፌ በወረቀት አሸግሁና ፈረምኩበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀውም። በመጨረሻ ተፈልጎ ሲወጣ አንዲት አምፖል ማብራት አቃተው። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። የጋራዡ ኃላፊ አቶ ግርማው ባትሪውንም የበሩን ማሸጊያም አገላብጦ አየና፣ «ማሸጊያው እንዳለ ነው። ቁልፉ ያለው ወይዘሮ ዘሃራ ጋ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። የቀረውን ሌሎቹ ጨረሱት፤ አዲሱን አውጥታ አሮጌ ተክታለች ተባለ። ከንብረት ክፍል አንስተው መዝገብ ቤት ከተቱኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ደብዳቤ ስደረድር ኖርኩ።

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ወስደሻል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ይህን ከደግነት ይቆጥርለታል። እኔ ግን «አልወሰድኩም» የምልበትን ቀን ሳላገኝ ሞተ።

አቶ ግርማው ጡረታ ሲወጣ እኔ ወደምኖርባት መርሳ መጥቶ፣ ከከተማው ሁሉ መርጦ ከእኔ አጥር ማዶ፣ መንገድ ዳር ሱቅ ተከራየ። የባጃጅና የመኪና ባትሪ ይሞላል። አምስት ዓመት ስንጎራበት ሰላምታችን ከራስ መነቅነቅ አልፎ አያውቅም፤ እሱንም ቢሆን መጀመሪያ የሚነቀንቀው እሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለሁበት ነው ያን የሚባል ፈረንጅ መኪና የመጣው።

ያን አገሩ ሆላንድ ነው። በወጣትነቱ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ግራና በምትባል ከተማ በኩል የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር ዓመታት የኖረ ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ከቆፋሪዎች ጋር ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር አልደረሰበትም፤ ሐጂውንም ሕፃኑንም አንተ ይላል። በስተርጅናው «ጉድጓዶቼን ልያቸው» ብሎ ከአገሩ ድረስ መኪና እየነዳ መጣ። መኪና ልበለው እንጂ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። መርሳ ሲደርስ ጉልበቱ አልታዘዝ አለውና ለቀዶ ሕክምና ወደ አገሩ መብረር ግድ ሆነበት። ለመኪናው ሰፊ ግቢ፣ የብረት በርና ጠንቃቃ ሰው ሲፈልግ ወደ እኔ መሩት።

ሊሄድ ሲል በመስኮቱ በኩል አንዲት ትንሽ ቁጥር የምታሳይ ሰሌዳ አሳየኝ።

«ዘሃራ፣ ስሚኝ» አለኝ። «መኪናው ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር የሚያስነሳው ነው፤ ገመዱን ነቅዬዋለሁ፣ ይተኛል። ሁለተኛው የቤቱ ነው። እሱ አይተኛም። መብራቱንና ማቀዝቀዣውን አጥፍቻለሁ፤ ግን ጋዝ ካፈሰሰ የሚጮህ አንድ መሣሪያ አለ፣ ቀንም ሌሊትም ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። እሱም ቢሆን ችግር የለም። ባትሪው ራሱን ይመግባል። አንቺ ምንም አታድርጊ።»

«ምንም?»

«ምንም። በሳምንት አንድ ቀን ቁጥሯን እያት። ከአሥራ ሁለት ነጥብ አራት በታች ከወረደች ደውይልኝ።»

ለንብረት ክፍል ሰው «ምንም አታድርጊ» ማለት ስድብ ነው። ሰውዬው አገሩ ሳይደርስ በሮቹን ሁሉ በወረቀት አሸግሁ፣ ቀን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ንብረት ከፀሐይ፣ ከዝናብ፣ ከአቧራና ከእንስሳት ይጠበቃል፤ በየሥልጠናው ይህንኑ ስንጽፍ ነው ያረጀነው። ስለዚህ ከገበያ ወፍራም የጭነት መኪና ሸራ አስመጣሁና ሁለት የቀን ሠራተኞች ጣራው ላይ ወጥተው እንዲያለብሱት አደረግሁ። አንደኛው ከላይ ሆኖ፣ «እማማ፣ እዚህ ጣራው ላይ ሰፊ ጥቁር መስታወት አለ» አለኝ።

«እንግዲያው እሱን ደርባችሁ ሸፍኑት፣ እንዳይሰበር» አልኩት።

የመጀመሪያው ዓርብ የሸራውን ጫፍ ገልጬ በመስኮት ሳይ ቁጥሯ አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት ነበረች። ደብተር አውጥቼ መዘገብኩ። በሁለተኛው ዓርብ ነጥብ ሰባት ሆነች። ከዚያ ነጥብ ስድስት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚቀንስ ነገር ካለ የሚቀንሰው ሰው አለ። በሸራው ላይ ሁለተኛ ገመድ አሰርኩ። ነጥብ አምስት ስትሆን ጎንና ጎኑ ላይ ሌላ ሸራ ደረብኩ። ነጥብ አራት ስትሆን የግቢውን በር ቁልፍ ቀየርኩ። እኔ ባጠበቅሁ ቁጥር እሷ ትወርዳለች፤ ነጥብ አራትንም አልፋ ወረደች።

ለምን አልደወልሽም ትሉኝ ይሆናል። ደውዬ ምን ልበል? ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው። መጀመሪያ ሌባውን መያዝ ነበረብኝ።

ሌባው ማን እንደሆነም አውቄ ነበር። በመርሳ ባትሪ የሚያውቅ፣ ባትሪ ባትሪ የሚሸት፣ አጥሩ ከእኔ አጥር ጋር የተጣበቀ አንድ ሰው ነው ያለው። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ መኪናውን ሲያይ አገኘሁት።

«ወይዘሮ ዘሃራ» አለኝ። «ይሄ መኪና እንዲህ ታፍኖ…»

«አንተ የራስህን ባትሪ ጠብቅ» አልኩትና ገባሁ።

በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ሸራውን ገልጬ ባይ ሰሌዳዋ ጨልማለች። ቁጥር የለም፣ መብራት የለም። ዓይኔ መስሎኝ መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩ። የለም። እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ።

«ዘሃራ! አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ነገ በሰባት ሰዓት መርሳ ነኝ። ባትሪዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። ነገ በሰባት ሰዓት ሰውዬው በሩን ይከፍታል፣ ማሸጊያው አልተነካም፣ ባትሪው ሞቷል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ። የመጀመሪያውን ሰው ቢረሳው እንኳ በዚህኛው ያስታውሰዋል። «እሷ እኮ ድሮም…» ይሉኛል። ይህን ሳልሰማ ብሞት በመረጥኩ።

ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል የግርማው ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ሰይድ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ባትሪው እስኪሞላለት በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ ዘሃራ» አለ ግርማው ከመቀመጫው እየተነሳ። «እንዴት አደርሽ?»

«ደህና አላደርኩም። በየት በኩል ነው ገመድ የሳብከው?»

«የምን ገመድ?»

«የፈረንጁን ባትሪ መጥጠህ ጨርሰኸዋል። ለእነዚህ ባጃጆች የምትሞላው ከየት ነው?»

መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆሙ። ሰይድ ጣልቃ ገባ።

«እማማ ዘሃራ፣ እኔን አንዲት ባትሪ ለመሙላት ሦስት ቀን ነው የሚያመላልሱኝ። ሰርቀው ቢሆንማ እስካሁን ይሞሉልኝ ነበር።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ኧረ እርስዎ ነዎት ሰው ፊት የጠየቁት።»

ግርማው አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ ጠረገና መለኪያውን ከመሳቢያ አወጣ። «እንየው» አለ። «ሰይድም ይምጣ፣ ምስክር ይሁንሽ።»

በመኪናው በር በኩል ያለውን ሸራ ገለጥኩ። ማሸጊያው እንዳለ ነው፤ ቀኑ፣ ፊርማዬ፣ ሁሉም። ደብተሬን ዘርግቼ፣ «ፈርም» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ማሸጊያው ሳይነካ መገኘቱን።»

ፈረመ። ሰይድም ፈረመ። ከዚያ ግርማው ቀና ሳይል፣ «ማሸጊያው እንዳለ ነው» አለ። «ቁልፉ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ጨርሰው እንጂ» አልኩት። «ቁልፉ ያለው ወይዘሮ ዘሃራ ጋ ነው።»

እኔ ማሸጊያውን ቀደድኩ፣ እሱ ገባ። ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ከፍቶ ለካ። «ዘጠኝ ነጥብ ስምንት» አለ። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ ፈተሸ። አዲስ የተጨመረ ገመድ የለም፣ የተቆረጠ የለም። ወጥቶ መኪናውን ዞረው፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለ።

«ጣራው ላይ ምን አለ?»

«መስታወት ነው። እንዳይሰበር ሸፍኜዋለሁ።»

ሰይድ ማንም ሳያዘው በመሰላሉ ወጣ። ሸራውን ሲገልጥ አቧራው እላያችን ወረደ።

«እማማ» አለ ከላይ። «ይሄ መስታወት አይደለም። ሶላር ነው። እርስዎ እኮ ፀሐዩን ነው የቆለፉበት።» ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሶላር አላውቅም አልልም። በየገጠሩ ጣራ ላይ ያለውን አይቻለሁ። የመኪና ጣራ ላይ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ እኔ አጭር ነኝ፣ መኪናው ረጅም ነው። ግርማው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ይነሳል?» አልኩት።

«ይሞከራል። አንዳንዱ ይነሳል፣ አንዳንዱ እንደሞተ ይቀራል። መቼ ነው የሚመጣው?»

«ነገ በሰባት ሰዓት።»

ያኔ ነው ከአጥሩ በላይ ገመድ የሳበው፤ ከእሱ ወደ እኔ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሞላ በኋላ የመርሳ መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ። ሰይድ ወደ ሥራው ሄዷል። የቀረን ጣራው ላይ ያለው ፀሐይ ብቻ ነበር። ሁለት በርጩማ አውጥተን ከመኪናው ጥግ ተቀመጥን። አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። ከዚያ አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት። ረጅም ከሰዓት ነበር፤ ሁለታችንም የምንነጋገረው ከቁጥሩ ጋር እንጂ እርስ በርስ አይደለም።

«አቶ ግርማው» አልኩት በመጨረሻ። «ባትሪ እንዲህ ማንም ሳይነካው ይሞታል?»

«ይሞታል።»

«መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም? ምንም ሳይጠጣው?»

መለኪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «መደርደሪያ ላይም። በየጊዜው ካልተሞላ ራሱ ይፈሳል። ሁለት ዓመት ከተቀመጠማ አይነሳም።»

«በየጊዜው መሙላት የማን ሥራ ነበር?»

«የጋራዡ።»

«የጋራዡ ኃላፊስ?»

«ታውቂያለሽ።»

«አንተ ስትለው ልስማ።»

«እኔ።»

«ያን ቀን፣ ኮሚቴው ላይ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ። «ለምን አልሞላህም እንዳልባል ፈራሁ። ገምግመው የሚተዉት መስሎኝ ነበር። ከዚያ የዝውውር ደብዳቤሽ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ለመናገር ቀን አጣሁ።»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አጣህ?»

«አዎ» አለ።

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስደረድር ቃል በቃል ያጠናሁት ነው፤ ጥሩ ስድብም ነበረበት። ነገር ግን ባትሪው ገና አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ላይ ነው፣ መለኪያው ደግሞ በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ፣ «ውኃ ላምጣልህ?» አልኩት።

«አምጪልኝ» አለ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጥን። በማግስቱም ገና ሳትሞቅ መጣ። ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሲል ነጥብ ስድስት ደረሰ። ሰሌዳዋ በራች። ባትሪው ተነሳ።

ግርማው ወደ ሱቁ ሲመለስ እኔ ሸራውን አጥፌ ጓዳ ከተትኩት። ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ። ያን ምንም ማወቅ የለበትም። ቁጥሩ ደህና ነው። ቢጠረጥርም ችግር የለም፤ ትናንት ሱቁ በር ላይ ቆመው የሰሙት ሴቶች ወሬውን ወስደውታል፣ ግማሽ መርሳ ግርማው ከፈረንጅ መኪና መብራት ይሰርቃል እያለ ነው። እኔ መዋሸት የለብኝም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ለግርማው ጥብቅና ለመቆም አይደለም።

ያን በሰባት ሰዓት ከሚኒባስ ወርዶ በከዘራ እየተደገፈ ገባ። ሰላምታ ሳይጨርስ በመስኮቱ አየ።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ጎበዝ ዘሃራ።»

ግርማው ገመዱን ከአጥሩ ላይ ሊጠቀልል መጥቶ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ይጠቀልላል። ምን እንደምል የሚጠብቅ አይመስልም፤ የሚያውቅ ነው የሚመስለው። የሚያውቀው ደግሞ እሱ ያኔ እንዳደረገው ዝም እንደምል ነው። ይህ አናደደኝ። እውነቱን ያናገረኝ ደግነት ሳይሆን ይህ ንዴት ይመስለኛል።

«ሞቶ ነበር» አልኩት ያንን። «የገደልኩት እኔ ነኝ። ጣራህን በሸራ ሸፍኜ ፀሐዩን ከለከልኩት። ቁጥሩ ሲወርድ አልደወልኩልህም። ይባስ ብዬ ትናንት ሰው ፊት ይህን ሰውዬ ሌባ አልኩት። ባትሪህን ያስነሳው እሱ ነው።»

ያን በከዘራው ተደግፎ ሳቀ። «ችግር የለም። እሱ ባትሪ አሮጌ ነው። ልቀይረው ነበር።»

ችግር የለም አለ። ይህ ቃል በባትሪ ላይ ሊባል የሚችል ቃል መሆኑን እዚያ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ግርማው ዞሮ፣ «አንተ እኮ ነህ ወደ ዘሃራ የላክኸኝ» አለው። «በዚህ ከተማ ቁልፍ የሚሰጣት ሰው አንዲት ናት አልኸኝ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ግርማው ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠና እዚያው፣ ነገሩ ምንም በማይመለከተው በያን ፊት፣ የድሮውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። ያን አንዱ ገብቶት አንዱ ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርስ ደብተሬን አምጥቼ አጻፍኩት። አንድ ገጽ ሆነ። ፈረመ። ሆላንዳዊውንም በምስክርነት አስፈረምኩት።

«እንግዲህ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ ግርማው።

«አስብበታለሁ» አልኩት።

ያን በመኪናው ወደ ግራና ሄደ። እኔ ደግሞ ያቺን ገጽ ይዤ ለሦስት ቀን ቤቴ ውስጥ ተንጎራደድኩ። አንባቢዎች ሆይ፣ ስማችሁ የጠፋባችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ሰው ስሙ የሚነጻበትን ቀን እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን አያስብም። ገጿን ማን ያንብባት? ባለቤቴ የለም። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ተዋሕዷል። ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች አንደኛው ግርማው ነው፣ ሌላው ሞቷል። የቀረው አቶ መኮንን ነው፤ «ተክታለች» የሚለውን ቃል አፉን ሞልቶ የተናገረው እሱ ነበር። ደሴ ልጁ ጋ እንደሚኖር ሰምቼ ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ። ራሱ አነሳው። ደህንነቴን ደስ ብሎት ጠየቀ። አልቸኮልኩም። ገጿን ከፊቴ ዘርግቼ ቃል በቃል አነበብኩለት።

ጨርሼ ጠበቅሁ። የሚያፍር መስሎኝ ነበር።

«የትኛው ባትሪ?» አለኝ።

«የጭነት መኪናው። እኔን ከንብረት ክፍል ያነሳችሁበት።»

«ንብረት ክፍል ነበርሽ እንዴ? እኔ እኮ መዝገብ ቤት ነው የማስታውስሽ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበርሽ» አለኝ። ከልቡ ነው። እንዲያውም መረቀኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ግርማው ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን ዛሬ?»

«የድሮውን ባትሪ የሚያስታውስ ሌላ ሰው ስለሌለ» አልኩት።

በርጩማውን በጨርቅ ጠርጎ ወደ እኔ ገፋው። ተቀመጥኩ።